ያቆማት ሰው ይጠየቃል

አሰብ የገባሁት በጥቅምት ወር፣ በጭነት መኪና ጋቢና ነው። ሾፌሩ ከኮምቦልቻ ጀምሮ ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ መጣ። "መሐንዲሶችን ላስተምር ነው" አልኩት። "መሐንዲስ ደግሞ ምን ሊማር ቀረው?" አለኝ። የቻልኩትን ያህል አስረዳሁት። ዲቾቶ ስንደርስ ሻዩን እያማሰለ፣ "ገባኝ፤ አለቃ መሆን ልታስተምራቸው ነው" ብሎ ደመደመ። በማግሥቱ ሥራ ጀመርኩ።

ሥራዬ ምን እንደነበር ላስረዳ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ኮሌጅ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላላቸው መሐንዲሶችና የሳይንስ ሰዎች የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከፍቶ ነበር። የቴክኖሎጂ አስተዳደር ይባላል። ተማሪዎቹ ሥራቸውን ሳይለቁ እንዲማሩ መምህሩ ወዳሉበት ይላካል። ለእኔ የደረሰኝ አሰብ ሆነ። ትምህርቱ ማሽን እንዴት እንደሚሠራ አያስተምርም፤ ያንን ተማሪዎቹ ጠንቅቀው ያውቃሉ። የሚያስተምረው ማሽኑ መቼ እንደሚገዛ፣ መቼ ለጥገና እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚጣልና ይህን ሁሉ መወሰን ያለበት ማን እንደሆነ ነው። እኔ በዚህ ትምህርት ከልቤ አምን ነበር። አገር የሚለወጠው በዚህ ነው ብዬ ነው ሻንጣዬን የያዝኩት።

የተሰጠን ክፍል ቀድሞ የመለዋወጫ መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ግራሶ ግራሶ ይሸታል። ጣሪያው ላይ አንድ ቬንቲላተር ይዞራል፤ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ከማዛወር ሌላ ጥቅም አልነበረውም። የምንጀምረው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አሰብ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ሰው የሚችለው መጋደም ብቻ ነውና።

ተማሪዎቹ ስድስት ናቸው፤ ሁሉም የባሕር ውሃ አጣርቶ ለሠራተኛ ሰፈር ከሚያድለው ድርጅት የመጡ። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልጉት ሦስቱ ናቸው። አቶ ኃይሉ የድርጅቱ ዋና መሐንዲስ ሲሆኑ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ ይችላሉ። ተክሌ የጥገና መሐንዲስ ነው፤ በሥራ ከእሳቸው በታች፣ በዕድሜ ከሁሉም ትንሹ። ወይዘሪት ሮማን ውሃውን በላቦራቶሪ የምትመረምር ኬሚስት ናት።

የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ አምስቱ ቆመዋል። ለእኔ መስሎኝ "ተቀመጡ" አልኩ። አልተቀመጡም። ትንሽ ቆይቶ አቶ ኃይሉ መሐረብ በእጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን እየጠረጉ ገቡ። እሳቸው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ሲቀመጡ አምስቱ ተቀመጡ፤ ሁሉም ከኋላቸው። የፊተኛው ረድፍ እስከ ትምህርቱ መጨረሻ የእሳቸው ብቻ ሆኖ ቀረ።

በሁለተኛው ሳምንት ችግሬን አየሁት። ጥያቄ ስጠይቅ አምስቱ የአቶ ኃይሉን ማጅራት ያያሉ። እሳቸው ከመለሱ በኋላ እያንዳንዱ "አቶ ኃይሉ እንዳሉት" ብሎ ይጀምራል። ይህ ጨዋነት ነው፤ እኔም ያደግሁበት ነው። ውሳኔ ለሚማር ክፍል ግን አይሆንም፤ ስድስት ሰው ጠይቄ የማገኘው አንድ መልስ ነው። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ። በዕድሜ ትንሹ ቀድሞ ይናገራል፤ ትልቁ መጨረሻ ይናገራል።

"እንግዲህ እኔ ለምርቃት ነው የምቀረው" አሉ አቶ ኃይሉ፣ እየሳቁ። ሁሉም ሳቀ። ደንቡ በዚህ ጸደቀ።

ታኅሣሥ ላይ የራሳቸውን ማሽን ለውይይት አቀረብኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። የባሕሩ ውሃ ቱቦ ውስጥ ይፈላል፤ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ የሚጠጣ ውሃ ይሆናል። ቱቦው ግን እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ቅርፊቱ ሲወፍር ማሽኗ ብዙ ነዳጅ ትበላለች፣ ጥቂት ውሃ ትሰጣለች፤ በመጨረሻም ትታፈናለች። ለማጽዳት መቆም አለባት፤ ስትቆም ሰፈሩ ውሃ አያገኝም። ጥያቄዬ፦ ትቁም ወይስ ትቀጥል? መቼ?

ተክሌ ተነሣ። ጠመኔ ይዞ የሚሠራውን ሥራ በተራ በተራ ሰሌዳው ላይ ጻፈ።

"አቶ ኃይሉ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማሽኗ ጥር ላይ መቆም አለባት" አለ። "ጥር አየሩ ለዘብ ይላል፤ ሰው ብዙ ውሃ አይፈልግም፤ ገንዳውን ቀድመን ከሞላነው ያዘልቀናል። ቱቦዎቹን ፈትተን በአሲድ አጥበን እንገጥማለን። ካላቆምናት ሰኔ ላይ ራሷ ትቆማለች። መቆሙ አይቀርም። የቀረልን ቀኑን መምረጥ ነው፤ ወይ እኛ እንመርጣለን፣ ወይ እሷ ትመርጥልናለች።"

ሮማን ቀጠለች። "የምመረምረው ውሃ በየወሩ ጨው እየበዛበት ነው" አለች። "ተክሌ ያለው ልክ ነው።" ከእሷ በኋላ የነበሩት ሦስቱ ነገሩ በጥንቃቄ መታየት እንዳለበት ተናገሩ።

አቶ ኃይሉ መጨረሻ ላይ መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "ተክሌ ጥሩ ተናግሯል" አሉ። "ያስደስታል። እኔ ግን መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ትሥራ ባይ ነኝ።" ሰሌዳውን ያጠፋሁት ቅር እያለኝ ነው፤ እንደዚያ ያማረ ትምህርት ሰጥቼ አላውቅም።

ቤት ያከራዩኝ ሐጂ ሰዒድ የሚባሉ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከታች ሱቅ አላቸው። ደስታዬን መያዝ ስላልቻልኩ ነገርኳቸው።

"አለቃውን በሰው ፊት፣ 'ተሳስተሃል' አለው?" አሉ ሐጂ፣ የሚመዝኑትን ስኳር አቁመው።

"እንደዚያ አላለም። ማስረጃ ነው ያቀረበው።"

"ወላሂ እሱ ይብሳል። ታዲያ ልጁን የት ሊሰዱት ነው?"

"የትም አይሰዱትም ሐጂ። ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው።"

"አብሽር እንግዲህ" ብለው ስኳሩን መመዘን ቀጠሉ።

ጥር ገባ። ማሽኗ አልቆመችም። ተክሌ ዕድገት አገኘ፤ ዒድ ላለው የውሃ ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ዒድ ከአሰብ ወደ ሰሜን፣ በባሕሩ ዳር ያለች የአፋር ዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ጣቢያው ማለት አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ፓምፕና አንድ የናፍጣ ሞተር ነው።

ሊሰናበተኝ ሲመጣ ይስቅ ነበር። "ኃላፊ ሆንኩልህ መምህር" አለኝ። "ከበላዬ ማንም የለም። ከበታቼ አንድ ዘበኛ አለ፤ እሱም አማርኛ አይሰማም። አሁን ያስተማርከኝን አስተዳደር ሁሉ እሱ ላይ ነው የምፈጽመው።" ከዚያ ሳቁን ተወ። "ዲግሪውስ?"

ይህ ጥያቄ ከባድ የሆነበትን ምክንያት ልግለጽ። ድርጅቱ ለዋና መሐንዲስነት ቦታ ሁለተኛ ዲግሪ የሚጠይቅ ደንብ በቅርቡ አውጥቶ ነበር። ዲግሪው ያለው ሰው ባይገኝ ቦታው በውጭ አገር ባለሙያ ይሞላል። አቶ ኃይሉ ጡረታቸው ሩቅ አልነበረም። ተክሌ ዲግሪውን ካገኘ አንድ ቀን ማሽኗን በራሱ ትእዛዝ ያቆማታል፤ ካላገኘ ዕድሜውን በሙሉ አቁሙ እያለ ሲለምን ይኖራል። ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

"የመመረቂያ ጽሑፍህን እዚያው ሆነህ ጨርስ" አልኩት። "የቃል ፈተናውን መጥተህ ትፈተናለህ። ኮሌጁን እኔ አስፈቅዳለሁ።"

አስፈቀድኩም። ብዙ ተጽፎ፣ ብዙ ስልክ ተደውሎ፣ ኮሌጁ ተስማማ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነበር፤ ከኮሌጁ የሚላኩት ፈታኝ አሰብ በሚመጡበት ቀን ተክሌ በአካል ይገኝ። ይህን ይዤ አቶ ኃይሉ ዘንድ የጥገና ቤቱ፣ ኦፊቺናው ድረስ ሄድኩ። ከሠራተኞቹ አለቃ፣ ከካፖው ጋር ቆመው ወለሉ ላይ የተዘረጋ የፓምፕ አካል ያዩ ነበር።

"ምን ገዶኝ" አሉ። "ፈቃድ ሰጥቼዋለሁ። ፓምፑን የሚጠብቅ ተተኪ ሲላክ ይመጣል።"

"ተተኪውን የሚልከው ማነው?"

"ይላካል" አሉ።

እንዴት ያለ ቃል እንደሆነ ያኔ አልመረመርኩትም። "ይላካል" ሲባል ላኪው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ክፍሉ ቀጠለ። አሁን በዕድሜ ትንሿ ሮማን ስለሆነች መጀመሪያ የምትናገረው እሷ ናት። ግን አንድ እንግዳ ነገር አስተዋልኩ። እሷ የምትለው፣ አቶ ኃይሉ መጨረሻ ላይ ከሚሉት ጋር ሁልጊዜ ይገጥማል። የመካከለኞቹም እንደዚያው። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ጠየቅኋት።

"መምህር፣ በእውነት አታውቅም?" አለች። "ክፍል ከመግባታችን በፊት አቶ ኃይሉ ቤት በረንዳ ላይ ሻይ እንጠጣለን። አስቀድመህ የሰጠኸን ጥያቄ ይነሣል። እሳቸው ያሰቡትን እንሰማለን። ከዚያ መጥተን ከትንሹ ጀምረን እንናገራለን።"

"ደንቡ ለዚህ አልወጣም።"

"አውቃለሁ" አለች። "ድሮ እሳቸው ቀድመው ስለሚናገሩ የሚያስቡትን ሰምተን ነበር የምንናገረው። አንተ መጨረሻ ስታደርጋቸው ጨለማ ውስጥ ተውከን። ተክሌ ጨለማ ውስጥ ተናግሮ ዒድ ደረሰ። እኔ ደግሞ እናቴን የማስታምም ነኝ፤ ዒድ ሐኪም የለም።"

በሚቀጥለው ሳምንት ደንቡን አነሳሁት፤ አቶ ኃይሉ ቀድመው መናገር ጀመሩ፤ ሻዩ ቀረ። ክፍሉ እፎይ ሲል በግልጽ ይታይ ነበር።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ማሽኗ ቆመች።

አሰብን በሰኔ ያላየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባው ይችላል። ነፋሱ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስላል። የበር እጀታ የነካ እጁን ይሰበስባል። ገንዳው በጥቂት ቀናት ደረቀ። ቦቴ ከሩቅ ጉድጓድ ውሃ ማመላለስ ጀመረ፤ ሴቶች በርሜልና ጀሪካን ደርድረው፣ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ከማለዳ ይጠብቃሉ። ቦቴው ሲመጣ ሰልፉ ይፈርሳል፤ የሚደፋው ከሚቀዳው ይበልጣል።

"የጉድጓዱን ውሃ መርምሪ ተባልኩ" አለችኝ ሮማን። "አይጠጣም ብዬ ፈረምኩ። 'ሌላ ምን አለ?' አሉኝ። ሌላ የለም። ያንኑ አጠጧቸው።" በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ሕፃናት ሆዳቸውን ታመሙ። የሐጂ ሰዒድ የልጅ ልጅም ታማ ነበር፤ ተርፋለች። ያልተረፉም ነበሩ። ከቤቴ ፊት ለፊት የሚኖር የወደብ ሠራተኛ ልጁን በነጠላ ጠቅልሎ ሲወጣ አይቻለሁ።

ሐጂ በዚያን ቀን ሱቃቸውን አልከፈቱም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ሳልፍ፣ "መምህር" አሉኝ፣ "የማቆሙን ትምህርት ጨረሳችሁ?" ቀልድ አልነበረም። ስድብም አልነበረም። ማወቅ ፈልገው ይመስለኛል።

አቶ ኃይሉ ማሽኗ አጠገብ ፍራሽ አስነጥፈው ከረሙ። ቱቦዎቹ ተፈትተው፣ በአሲድ ታጥበው ተገጠሙ፤ ተክሌ ሰሌዳው ላይ የጻፈው ሥራ አንድ በአንድ ተፈጸመ፤ በሙቀትና በጥድፊያ። መርማሪ ኮሚቴ ከአዲስ አበባ መጥቶ ማሽኗ በእርጅና ምክንያት መቆሟን አረጋገጠ። ሌት ተቀን ደክመው ላስነሷት ለዋና መሐንዲሱ ምስጋና ቀረበ። ድካማቸው እውነት ነበር፤ ከስተው፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ ነበር።

ፈታኙ ኅዳር ላይ መጡ፤ የተከበሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ፕሮፌሰር ናቸው። ለተክሌ ሁለት ሳምንት ቀድሜ መልእክት ልኬለታለሁ። ከዒድ የምትመጣ የሸራ ጀልባ፣ ሳምቡክ ባለች ቁጥር ወደብ ወርጄ አያለሁ። የተክሌ ጽሑፍ ደረሰ፤ ጀልባ ነጂው በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጸሐፊው አልደረሰም። ተተኪ አልተላከም። ማን እንዳልላከ ጠይቄ ነበር፤ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ ከኦፊቺናው ትእዛዝ ይጠብቃል፣ ኦፊቺናው ከሠራተኛ አስተዳደር ይጠብቃል። እምቢ ያለ አንድም ሰው አላገኘሁም።

"ተፈታኙ ካልቀረበ ጽሑፉን ብቻ ልቀበል አልችልም" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ደንብ ነው። ለሚቀጥለው ዙር ይቆይ።" ሁለት ጊዜ ለመንኳቸው፤ ሁለቴም በትሕትና ያንኑ መለሱልኝ።

መጀመሪያ የተፈተኑት አቶ ኃይሉ ናቸው። ፕሮፌሰሩ ስለ ሰኔው መቋረጥ ሰምተው ስለነበር ጥያቄያቸው ያው ሆነ። "እንዲህ ያለች ማሽን መቼ ነው መቆም ያለባት?"

አቶ ኃይሉ ተነሥተው ጠመኔውን ያዙ። "ጥር ላይ" አሉ። አየሩ፣ የፍጆታው መቀነስ፣ ገንዳው፣ የአሲድ አጠባው፣ ሁሉም በቅደም ተከተል መጣ። "መቆሙ የማይቀር ስለሆነ" አሉ በመጨረሻ፣ "የሥራ አመራሩ ድርሻ ቀኑን መምረጥ ነው። እኛ ካልመረጥን ማሽኗ ትመርጥልናለች።"

ፕሮፌሰሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "እጅግ የበሰለ መልስ ነው" አሉ። ሮማን ከኋላ ተቀምጣ ወለሉን ታይ ነበር። የተክሌ ወንበር ከአጠገቧ ባዶውን ነበር።

ከፈተናው በኋላ አቶ ኃይሉን ተከትዬ ወጣሁ። መጋዘኑ ጥላ ሥር ቆመው ሲጋራ ለኮሱ።

"መልሱን ከተክሌ ነው የሰሙት?" አልኳቸው።

"መልሱን ተክሌ ገና ተማሪ ቤት ሳለ ነው ያወቅሁት" አሉ። ብቻችንን ስንሆን አንተ ይሉኝ ነበር። "መሐንዲስ እኮ ነኝ። አንተም ዝም ብለህ ነው የምትጠይቀኝ።"

"ታዲያ ለምን አላቆሟትም?"

"ተመልከት ልጄ። ጥር ላይ ባቆማት፣ ማን አቆማት ይባላል? ኃይሉ። ስትገጠም አንድ ቡሎን ቢሰበር፣ ማን ሰበራት? ኃይሉ። ሰፈሩ ሁለት ቀን ውሃ ቢያጣ፣ ማን አስጠማን? ኃይሉ። ሰኔ ላይ ራሷ ስትቆምስ፣ ማን አቆማት?" መልሴን ጠበቁ።

"ማንም" አልኩ።

"ማንም። ያቆማት ሰው ይጠየቃል። ራሷ ከቆመች ግን አርጅታ ነው ይባላል። ከእኔ በላይ ያሉትም ይህንኑ ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው አቁም ብለው የማይፈርሙልኝ። ይህን ሰሌዳህ ላይ ጻፈው።" ቁጣ አልነበረባቸውም። ደክሟቸው ነበር።

"ሕፃናት ሞተዋል" አልኩ።

"አውቃለሁ" አሉ። "ሁለቱን ቀብሬያለሁ፤ የሠራተኞቼ ልጆች ናቸው።" ሲጋራውን ሳይጨርሱ ጣሉት። "ተክሌን የላክሁት እኔ ነኝ። እዚህ ቢቆይ ያቆማት ነበር። ያን ጊዜ ዒድ ሳይሆን ጎዳና ነበር የሚወድቀው።" ይህ እውነት ይሁን፣ ወይስ ለራሳቸው ያዘጋጁት ማጽናኛ፣ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

የሚቀጥለው ዙር የተባለው አልመጣም። የካቲት ላይ አዲስ አበባ ታወከች፤ መምህራን ሥራ አቆሙ፣ ኮሌጁ ተዘጋ። የእኛ ትምህርት እንደማይቀጥል በስልክ ተነገረኝ። መጻሕፍቱን በሳጥን አሽጌ መኪና ስጠብቅ ተክሌ ከዒድ መጣ፤ የፓምፕ ዕቃ ሊወስድ ነው የመጣው። ጠቁሯል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ከሐጂ ሱቅ ደጃፍ ቁጭ ብለን ሻይ ጠጣን።

"ዘበኛዬ አማርኛ ለመደ" አለኝ። "እኔም አፋርኛ ለመድኩ። አሁን እርስ በርስ መታዘዝ አቁመናል።" ከዚያ ጠየቀኝ። "አቶ ኃይሉ ስለ ማሽኗ ተጠየቁ አሉ። ምን መለሱ?"

"ያንተን መልስ። ከነቃሉ።"

"መልሱ አለፈ?"

"በከፍተኛ ማዕረግ።"

ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "ይኸው ጥር አለፈ" አለ። "አቆሟት?"

"አላቆሟትም።"

"እንግዲህ መልሴ አልፏል" አለ ተክሌ። "የቀረነው እኔና ማሽኗ ነን።" ዕቃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ጀልባው ወረደ።

ይህን ትምህርት ወደፊት ለምትሰጡ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። ማሽን ያቆመ ሰው ብቻ በሚጠየቅበት መሥሪያ ቤት፣ ማሽን መቼ እንደሚቆም ማስተማር የሚጠቅመው ለፈተና ነው።